በኪስ የቀረች ዛፈራኖ

ፈሪ ሰው መስረቅ የለበትም። እኔ ደግሞ እጨምርበታለሁ፤ ፈሪ ሰው መርሳትም የለበትም። ደፋር ሲረሳ «ውይ፣ ረሳሁት!» ብሎ ይስቃል፣ አብረውት ይስቃሉ። ፈሪ ሲረሳ ግን መርሳቱን ለማስረዳት ሲንተባተብ ቁርጥ ሌባ ይመስላል። ይህን ከማንም አልሰማሁትም። ሮም ከተማ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ባለ አንድ ሱፐርማርኬት ጓዳ፣ የቲማቲም ካርቶን ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነው።

የምኖረው ከሲኞራ ኢኔስ ጋር ነው። ሲኞራ ኢኔስ ሰማንያን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ የሮም ሴት ናቸው። አበስልላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ማታ ማታ ክንዳቸውን ይዤ አደባባዩን አንድ ዙር አዞራቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ስለ ሩዝ አበሳሰሌ ይቆጡኛል። በዚህ ተስማምተን ዓመታት ኖረናል።

የዚያን ቀን ቢጫ ሪዞቶ አማራቸው። ሪዞቶ ማለት ሩዙን እያማሰሉ ወደ ገንፎ የሚያስጠጉት ምግብ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ዛፈራኖ የሚሉት ቅመም ነው።

«እርድ አለን እኮ፤ እሱስ ቢጫ አይደለም?» አልኳቸው።

«የግድግዳውም ቀለም ቢጫ ነው፤ ፍቀሽ ጨምሪበታ!» አሉኝ።

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ዛፈራኖ አይታችሁ እንደምታውቁ እንጃ። ከመወደዱ የተነሳ የሻይ ከረጢት በማታክል እሽግ ወረቀት ቆንጠር አድርገው ነው የሚሸጡት። የሱቁ ቅርጫት ደግሞ የሽቦ ነው፣ ቀዳዳውም ሰፊ። ጣል ባደርጋት በቀዳዳው ሾልካ ወለሉ ላይ ዐረፈች። አንስቼ መለስኳት፤ ደግማ ሾለከች። በስተመጨረሻ «በይ እዚህ ሆነሽ ጠብቂኝ» ብዬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ለጥንቃቄ መሆኑ ነው።

ልክ ስከታት ስልኬ ጮኸ። ሲኞራ ኢኔስ ናቸው።

«የት ደረስሽ? ውሃውን ጥጄዋለሁ፣ እየፈላ ነው!»

«ምን? እሳት ለኮሱ? እግዚኦ፣ እንዳይነኩት! መጣሁ!»

ሲኞራ ኢኔስና ምድጃ ብቻቸውን ሲቀሩ ምን እንደሚፈጠር የእኛ ፎቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። መጋረጃው አንድ ጊዜ ነዶ ነበር። እኔ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚታየኝ መጋረጃው ብቻ ነው። የሩዙን፣ የቅቤውን፣ የፎርማጆውን ከፈልኩና እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩ ላይ እንደ ቁምሳጥን የገዘፈ ጥበቃ ቆሟል።

«ሲኞራ፣ የረሳሽው ነገር የለም?» አለኝ።

መልሴን ረስቼ ሊሰጠኝ የጠበቀኝ መሰለኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብዬ፣ «ግራሲዬ!» እያልኩ ፈገግ ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። ሰውየው መዳፌን አየ፤ እኔን አየ።

«ኪስሽን» አለኝ።

ክው አልኩ። እጄን ስሰድ ያቺ የሻይ ከረጢት የማታክል ወረቀት ጣቴን ነካችው። የዚያን ጊዜ ፊቴ ምን መልክ እንደያዘ አላውቅም፤ ጥበቃው ግን ካሜራውን ደግሞ ማየት አላስፈለገውም።

ጓዳ አስገቡኝ። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች። በፍርሃት ጣልያንኛዬ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። ስለ ቅርጫቱ ቀዳዳ ማስረዳት ሲያቅተኝ ያለችኝን የመጨረሻ መሐላ አወጣሁ፤ «ሰርቄ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ለማለት ፈልጌ፣ ቃል በቃል ወደ ጣልያንኛ ገለበጥኩት። ሁለቱም ግንባሬን ትክ ብለው አዩት። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አወረደች። እኔንጃ፣ ያስፈራራኋት ሳይመስላት አልቀረም።

መታወቂያ አምጪ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው ብርክ የያዘኝ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ጊዜው አልፎ ለእድሳት አስገብቼዋለሁ። በእጄ ያለችው የፖስታ ቤቷ ደረሰኝ ብቻ ናት፤ ኩዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ መሥሪያ ቤት ቀርቤ አሻራ የምሰጥበት ቀጠሮም ቀርቧል። ያቺን ደረሰኝ ወስደው ፎቶ ኮፒ ሲያነሷት፣ እዚህ አገር የመኖር መብቴ በማሽኑ ውስጥ አልፎ ሲሄድ ታየኝ። ከዚያ የሆነ ወረቀት ሰጡኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ፈሪ ሰው ፊርማው ፈጣን ነው።

«ሁለተኛ እዚህ ሱቅ እንዳናይሽ» ብለው ለቀቁኝ። ዛፈራኖዋን አስቀሩ።

ሲኞራ ኢኔስ በር ላይ ጠበቁኝ። መጋረጃው ደኅና ነው።

«ዛፈራኖዬስ?»

«አልቋል አሉኝ» አልኩ።

ነጭ ሩዝ በሉ። እኔ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ ነገሬ። ሱቅ ስገባ ሁለት እጄን እንደ ቄስ ከፍ አድርጌ ነው የምሄደው። ደረሰኝ ስቀበል በጥርሴ ይዤው እወጣለሁ። አልበቃኝ ሲል የካፖርቴን ኪሶች በመርፌ ጥርቅም አድርጌ ሰፋኋቸው። ጥሩ መላ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፍና ስልክ የማስቀምጥበት አጥቼ በእጄ አንጠልጥዬ ስዞር፣ መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ አንድ ነገር ነጥቃ የምትሮጥ ነው የሚለኝ እያልኩ እሳቀቃለሁ።

ትንሽ ረሳ ሊያደርገኝ ሲል ፖስተኛው መጣ። ራኮማንዳታ ነው፤ ፈርመሽ ተቀበይ የሚሉት ደብዳቤ። በስሜ ነው የመጣው። ከላይ የጠበቆች ቢሮ ማኅተም አለበት። ከገባኝ ውስጥ፣ ሱቁን ወክለው እንደሚጽፉ፣ «ለደረሰው ጉዳት፣ ለጥበቃና ለጽሕፈት ወጪ» ሦስት መቶ ዩሮ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድከፍል፣ ካልሆነ ደንበኛቸው «በማንኛውም ስፍራ» መብቱን እንደሚያስከብር ይላል። ያልገባኝ ይበልጣል። «በማንኛውም ስፍራ» የምትለዋ ግን ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ማንኛውም ስፍራ የት ነው? ቤት ነው? ገበያ ነው? እሑድ ቅዳሴ ላይ መጥተው ከሴቶች ወገን ቢያወጡኝስ?

ደብዳቤውን ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። በላዩ ላይ መተኛት ግን አቃተኝ። ወረቀት ይጎረብጣል ብሎ ማን ያምነኛል?

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ወርጄ ጋሽ ወርቁን ፈለግኩ። ጋሽ ወርቁ ወጣትነታቸውን ሮም የጨረሱ፣ በበጋም ከረባት የማይፈቱ፣ የሐበሻ ካፌው ጥግ ላይ ተቀምጠው የሰው ወረቀት የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ የጓደኛዬ ጉዳይ ናት» አልኩና ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው።

አነበቡ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ጓደኛሽ ናት?»

«አዎን፣ ጋሼ።»

«የጓደኛሽ ነው እንዴ አንቺን እንዲህ የሚያንቀጠቅጥሽ? አሎራ፣ ምን ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም! ረስታ ነው!»

«ቫ ቤኔ፣ ምን ረሳች?»

ነገርኳቸው። ጋሽ ወርቁ ከረባታቸውን አጠበቁ።

«ፔርሜሶሽ እንዴት ነው?» አሉኝ። የጓደኛዬ መሆኑ ቀርቷል።

«እድሳት ላይ ነው።»

«ይኸ ነው እንግዲህ ክፋቱ። አንድ ልጅ አውቅ ነበር፣ በአንዲት የተጠበሰች ዶሮ...» ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ተዉት። ዶሮዋ ልጁን የት እንዳደረሰችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ባይጀምሯት ይሻለኝ ነበር። እየሄድኩ፣ እየሠራሁ፣ እየጸለይኩ ያቺ ዶሮ ትታየኛለች።

«ግድ የለም፣ ለዚህ መድኃኒቱ ጥሩ ደብዳቤ ነው» አሉና ብዕራቸውን አወጡ። በጣልያንኛ እየጻፉ በአማርኛ ያሰሙኛል። «ለከበሩና ለተከበሩ፣ የሕግ ብርሃን ለሆኑት ጠበቃ። እኔ ከጫማዎ በታች ያለሁ ምስኪን፣ በሰይጣን ግፊት በፈጸምኩት ከባድ ወንጀል ሌት ተቀን እያለቀስኩ...»

«ጋሼ፣ ሰይጣን የለበትም እኮ፤ ቅርጫቱ ነው።»

«ቅርጫት የማንን አንጀት ይበላል? ሰይጣን ይሻላል። ...ሦስት የሙት ልጆች የማሳድግ...»

«ልጅ የለኝም፣ ጋሼ።»

«ለጊዜው የለሽም። ወደፊት ምን እንደሚሰጥሽ ማን ያውቃል?»

ሲጨርሱ ሁለት ገጽ ሞላ። ከፍርሃቴ ብዛት አማረኝ። እንደዚህ ተዋርዶ የሚለምን ሰው ላይ ማን ይጨክናል? በማግስቱ ፖስታ ቤት ላደርሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት ግን ደወሉ ተደወለ። በበሩ ቀዳዳ ባይ፣ ሁለት ካራቢኒዬሪ፣ የጣልያን ፖሊሶች። ባርኔጣ፣ ቀይ መስመር ያለው ሱሪ፣ ሁሉም ነገር አለ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ያለው በረንዳው ነው። አራተኛ ፎቅ ነን። አበባዎቹን አየሁ፤ እነሱም የሚያስጠጉኝ አይመስሉም። ደወሉ ደገመ። እንግዲህ እንደ ሰው በክብር ልያዝ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁና በሩን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምኑ ነዎት?» አለ ሸምገል ያለው።

«የወሰድኳት እኔ ነኝ። አንድ ብቻ ናት። መልሰው ወስደዋታል። ኪሶቼንም ሰፍቻቸዋለሁ፤ ላሳያችሁ?»

ልክ ካፖርቴን ከመስቀያው ላወርድ ስል ሁለቱ ተያዩ።

«ሲኞራ፣ ይረጋጉ። እኛ የመጣነው አረጋውያን በስልክ ከሚያጭበረብሩ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ለመንገር ነው። በየሕንፃው እየዞርን ነው። ወይዘሮዋ አሉ?»

አሉ። ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ሁሉንም ሰምተው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ ከእኔና ከምድር መካከል ሦስት ፎቅ እንዳለ ትዝ አለኝ። ሲኞራ ኢኔስ ሰዎቹን አስገቡ። እኔ የቀረኝን ተናዘዝኩ፣ ደብዳቤውንም ከፍራሼ ሥር አምጥቼ ሰጠሁ። ሸምገል ያለው ካራቢኒዬሬ አነበበው።

«ይኸ ከዳኛ የመጣ አይደለም» አለኝ። «የሱቁ ጠበቃ ነው የጻፈው። አይጣሉት፣ ዝም ብለውም አይክፈሉ። የሚያውቅ ሰው መልስ ይጻፍልዎ።» ሲወጣ ወደ ሲኞራ ኢኔስ ዞሮ፣ «እርስዎም ሲኞራ፣ ማንነቱን ሳያጣሩ ለማንም በር አይክፈቱ» አላቸው። ወጣቱ ሳቁን እስከ ደረጃው ድረስ ይዞት ወረደ፤ ከዚያ ግን ሰማሁት።

ሁለታችን ቀረን። እውነተኛው ፍርሃት ይኼኔ መጣ። ካራቢኒዬሪ ቢያስር ያስራል፤ ሲኞራ ኢኔስ ቢያባርሩኝ ግን ሥራዬም፣ አልጋዬም፣ በፔርሜሶ ማመልከቻዬ ላይ የተጻፈው አድራሻም በአንድ ቃል ይሄዳሉ። ደግሞስ ቤቱ ሌባ ማን ያኖራል?

«ቁጭ በይ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«እነዚህን ሁሉ ሳምንታት ነጭ ሩዝ ያበላሽኝ ለዚህ ነው?»

«አዎን፣ ሲኞራ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ።»

በትራቸው ወለሉን ቀስ እያለ ይነካል።

«ያን ቀን ሱቅ ውስጥ እያለሽ ስልክ የደወለው ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ውሃውን የጣደችውስ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሲኞራ።»

«እንግዲያው ካፖርቴን አምጪልኝ። የኔ ኪሶች እንኳ አልተሰፉም።»

በረንዳ ባላቸው የአደባባዩ ሕንፃዎች ሥር፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ አለ። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ የማይሆን እየመሰለኝ ገብቼ አላውቅም። ሲኞራ ኢኔስ ወርቃማ ጌጣቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ በትራቸውን እያስቀደሙ ገቡ። አቮካታዋ፣ ጠበቃዋ ማለት ነው፣ ልጅ እግር ናት፤ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። ደብዳቤውን አነበበች። ቀጥላ የጋሽ ወርቁን ሁለት ገጽ አነበበች፤ እያነበበች እርሳሱ ከጸጉሯ ወደቀ።

«ይህን ልከሽዋል?»

«ዛሬ ልልከው ነበር።»

«ተመስገን!» አለች። «በዚህ ደብዳቤማ ሱቁን በሙሉ ዘርፈሻል።»

የጋሽ ወርቁን ልፋት መሳቢያዋ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት። ከዚያ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ደብዳቤው ጥያቄ እንጂ ቅጣት አይደለም። ጠበቃ ስለጠየቀ ብቻ ዕዳ አይሆንም። ዝም ማለትም፣ ደውሎ ማልቀስም አያስፈልግም። «ፖሊስ ዘንድ ክስ አቅርበው እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አጣራለሁ» አለችኝ።

«ፔርሜሶዬስ?»

«በዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሚደርስበት ነገር አይታየኝም። ግን ሳላጣራ ቃል አልገባልሽም።»

ሐቀኛ ሰው እንዴት ያስፈራል! ጋሽ ወርቁ ቢሆኑ በቅዱሳን ምለው ያረጋጉኝ ነበር።

የጻፈችው መልስ ይህ ነው፤ «ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ዕቃው በስሕተት ኪሴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሳይከፈትና ሳይበላሽ ወዲያውኑ ተመልሷል። የጠየቃችሁት ገንዘብ ከየትኛው ኪሳራ እንደመጣ በማስረጃ አስረዱኝ። እስከዚያው ዕዳውን አልቀበልም። ከእንግዲህ በጠበቃዬ በኩል ጻፉልኝ።»

አለቀ። ደነገጥኩ።

«ጤና ይስጥልኝ እንኳ የለውም! ትንሽ ይቅርታ አንጨምርበትም?»

«አንጨምርም።»

«በጣም ትንሽ?»

«ፈርሚ» አሉ ሲኞራ ኢኔስ።

መጀመሪያ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀስ ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

መልሱ በራኮማንዳታ ሄደ። ቆየት ብሎ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ አሁን በአቮካታዋ በኩል ነው። ደንበኛቸው «በበጎ ፈቃድ» ግማሹን ቢያገኝ እንደሚስማማ ይላል። አቮካታዋ ግን ፈገግ አለች፤ እኔም ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሊነግረው አይገባም፤ ሳትከራከሪ ዋጋው ከወረደ፣ ዕቃውን አስቀምጠሽ መንገድሽን ቀጥይ ማለት ነው። የመጀመሪያውን መልስ ደግማ ላከችላቸው። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። የፖሊስ ክስም እንዳላገኘች ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዝም ያለ ጠበቃ ግን ዝም እንዳለ ውሻ ነው፤ የት እንደተኛ ካላወቅሽ እግርሽን ማንሳት ያስፈራል።

የኩዌስቱራው ቀን ደረሰ። ሲኞራ ኢኔስ «ብቻሽን ከሄድሽ አሻራ ሲሉሽ ኑዛዜ ትሰጫለሽ» ብለው አብረውኝ ተነሱ። ከከተማው ጫፍ ነው፤ ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ጀምሯል። ከሕዝቡ መካከል የአገሩ ተወላጅ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለ ሰልፉ አያያዝ ከሁሉ አብልጠው ያማረሩትም እሳቸው ናቸው። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው ወረቀቴን አየ፣ ጣቶቼን መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። አንዱን ጣት ሞከረ፣ ሌላውን ሞከረ። ፊቱን አጨማደደ። ባልደረባውን ጠራ።

«ችግር አለ» አለ።

አወቁብኝ። አፌን ከፈትኩ። ከቅርጫቱ ቀዳዳ ልጀምር ነበር። የሲኞራ ኢኔስ በትር እግሬ ላይ ዐረፈ፤ ዐርፎም አልቀረም፣ ተጫነ።

«ምን ችግር?» አሉ እሳቸው።

«አሻራው አይነበብም። መስመሩ ጠፍቷል።» ጣቶቼን ገልብጦ አየ። «እጅዎን ምን አድርገውት ነው?»

ቫሬኪና የሚሉት የማጽጃ ውሃ እንደሆነ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳስብ፣ ሲኞራ ኢኔስ ቀደሙኝ።

«ቤቴን አጥባበት ነው» አሉት።

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። አላፌዘም። እርጥብ መሐረብ አምጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረገልኝ፤ ቀስ ብሎ እየተጫነ ደግሞ ሞከረ። ማሽኑ ጮኸ። አነበበ።

«ካርዱ ሲደርስ በስልክዎ መልእክት ይመጣልዎታል። ጨርሰዋል።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«ምን ሌላ?»

«ምንም፣ ምንም!» አልኩና የሲኞራ ኢኔስን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጥን። ፀሐይ ገብቶበት ይሞቃል። ሲኞራ ኢኔስ ስለ ሰልፉ ማማረራቸውን ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። መውረጃችን እንዳያልፈን ብዬ ዓይኔን አፍጥጬ ማቆሚያዎቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ቀጥሎ የማስታውሰው ሾፌሩ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው። አውቶቡሱ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰፈሩን አላውቀውም።

«እናንተ ሴቶች፣ የመጨረሻው ማቆሚያ ነው» አለን። «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! አንኮራፍታችሁ እኮ ነው የመጣችሁት፣ ሁለታችሁም።»